የመንገደኛ ጥያቄ፦ ከሙምባይ በስተ ደቡብ ያለው የሐበሾች ምሽግ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ህንድ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ የሚጠይቁ ናቸው። እኔ በፑኔ ተምሬያለሁ፤ ከዚያም ለሕክምና ለሚመጡ ወገኖቻችን አስተርጓሚ ሆኜ በሙምባይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ይህን አካባቢ በተመለከተ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ልቤን ይነካዋል፤ ዘለግ አድርጌ ብመልስ አትፍረዱብኝ። የታሪክ ዓመታቱን፣ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ በታኅሣሥ ወር ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ሙምባይ ትሄዳለች። እኔና ወንድሜ አስታማሚ ሆነን አብረናት እንጓዛለን። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለክትትል እንድንቆይ ተነግሮናል። ሦስታችንም ባሕር አይተን አናውቅም። አንድ ዘመዳችን በዚያ አገር ሐበሾች በባሕር መካከል የገነቡት ምሽግ እንዳለ ነግሮናል። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ይኬዳል? ለእናታችንም የሚሆን ቦታ ካለ ይጠቁሙን። (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር እናትሽን ይማራት።

ምሽጉ አለ። ጃንጂራ ይባላል። ከሙምባይ በስተ ደቡብ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሙሩድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በዐረቢያ ባሕር ውስጥ ባለ ዐለት ላይ ቆሟል። ከራጃፑሪ የዓሣ አጥማጆች መንደር በሸራ ጀልባ ስትነሺ ከፊትሽ የሚታየው ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ ጥቁር ግድግዳ ብቻ ነው። ከፍታው 12 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በየርቀቱ ክብ ክብ ማማዎች ወጣ ወጣ ብለውበታል። በር ግን አይታይሽም። ጀልባው ከግድግዳው ጋር ሊላተም ምንም ያህል ሳይቀረው ነው በሁለት ማማዎች መካከል የተሸሸገው መግቢያ ብቅ የሚለው። ግንበኞቹ ይህን ያደረጉት አስበውበት ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ጠላት መድፉን በየት በኩል እንደሚያነጣጥር እንዳያውቅ። በሩ ላይ ከድንጋይ የተቀረጸ አንበሳ መሳይ አውሬ ዝሆኖችን በጥፍሮቹ ጨምድዶ ይታያል። እዚያ ቆም በይ። ጀልባ ቀዛፊዎቹ ሰዉን ቶሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ስለሚፈልጉ ብዙ ጎብኚ ይህን ቅርጽ ሳያየው ያልፋል።

ዘመዳችሁ የነገራችሁ በከፊል እውነት ነው፤ የትኛው ክፍል እውነት እንደሆነ ለይቶ ማወቁ ደግሞ ለእኛ ይጠቅማል። በዐለቱ ላይ መጀመሪያ የእንጨት ምሽግ የሠሩት ኮሊ የሚባሉት የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከዚያ ቦታው አካባቢውን ይገዙ በነበሩት በአህመድናጋር ሱልጣኖች እጅ ገባ፤ እነርሱም በሠራዊታቸው ውስጥ ሐብሺ ወይም ሲዲ የሚባሉ፣ ከእኛ አገርና ከሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል የመጡ ወታደሮችና አዛዦች ነበሯቸው። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሲዲዎች ጃንጂራን የራሳቸው ግዛት አደረጉት። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት መሪያቸውን የሚሾሙት ከአባት ወደ ልጅ በማውረስ ሳይሆን ከመካከላቸው በመምረጥ ነበር። ግዛቱ እስከ 1948 ዘልቆ ነጻ ከወጣችው ህንድ ጋር ተዋሃደ። ማራቶች (የዚያው አካባቢ ሕዝብ)፣ እንግሊዞችና ፖርቱጋሎች በየተራ ቢፈትኑትም ምሽጉ በኃይል አልተያዘላቸውም። የማራቶቹ ንጉሥ ሺቫጂ ደጋግሞ ሞክሮ አልቻለም። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ከባሕሩ ዳር እስከ ዐለቱ ድረስ ድንጋይ እየሞላ መንገድ ሊያበጅ ጀምሮ ነበር፤ እሱም አልተሳካለትም።

የድንጋዩን ምሽግ ብዙዎች ከማሊክ አምባር ጋር ያያይዙታል። ማሊክ አምባር በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ፣ በልጅነቱ ተሽጦ በባግዳድ በኩል ህንድ የደረሰ ሰው ነው። እዚያ የገዛው የአህመድናጋር ሹም ራሱ ሐበሻ ነበር። አምባር ከባርነት ተነሥቶ የአህመድናጋር እንደራሴ ሆነ፤ ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረውን የሙጋሉን ንጉሠ ነገሥት የጃሃንጊርን ሠራዊት ለረጅም ዓመታት አላስቀምጥ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው አውራንጋባድ በሚል ስም የሚያውቃትን ከተማ በ1610 ቆርቁሮ ከመሬት በታች ውሃ የሳበላትም እሱ ነው። በ1626 ሞቶ በኩልዳባድ ተቀበረ።

ይህን ስትሰሚ ልብሽ በኩራት መሙላቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ። እነዚህ ሰዎች ለሽርሽር ወይም ለንግድ አልሄዱም። አብዛኞቹ ከእናታቸው ጉያ ተነጥቀው በዘይላ፣ በምጽዋና በሌሎች ወደቦች የተሸጡ ልጆች ነበሩ። የሸጧቸውም ባዕዳን ብቻ አልነበሩም። ሲዲ የሚባለው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ማለትም አይቻልም፤ ዛሬ በጉጃራትና በካርናታካ የሚኖሩ የብዙዎቹ ሲዲዎች የዘር ሐረግ ወደ ደቡብ፣ ወደ ስዋሂሊ ጠረፍና ከዚያም ወዲያ የሚመዘዝ ነው። ሌላም አለ፦ ሺቫጂ ለአካባቢው ሕዝብ ታላቅ ጀግና ነው፤ ጃንጂራ ደግሞ እሱ ያልያዘው ምሽግ ነው። ጀልባው ላይ የሚተርክላችሁ ሰው ታሪኩን ከዚያ ወገን ሆኖ ሊነግራችሁ ይችላል። አዳምጡት። እናንተም ከየት እንደመጣችሁ ንገሩት። እኔ ይህን ሳደርግ የተቆጣኝ ሰው አላጋጠመኝም፤ ይልቁንም ጀልባው ሙሉ ሰው ዞሮ ይጠይቀኛል።

ምሽጉ ውስጥ ስትገቡ ቁጥቋጦና ሣር የዋጣቸው ፍርስራሾች፣ መስጊድ፣ የቤተ መንግሥት ግድግዳ ታያላችሁ። በዙሪያው ጨው ውሃ ከብቦት ሳለ ውስጡ ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ የሚይዙ ሁለት ትላልቅ ኩሬዎች አሉት። ምሽጉ ያን ያህል ከበባ የቻለው በእነዚህ ኩሬዎች ጭምር ነው። ማማዎቹ ላይ ደግሞ መድፎቹ ዛሬም አፋቸውን ወደ ባሕሩ እንዳዞሩ ናቸው። ትልቁ ካላልባንግዲ ይባላል፤ ከ22 ቶን በላይ እንደሚመዝን ይነገራል። በሕንጻዎቹ ውስጥ እስከ ቅርብ ዘመን ሰው ይኖር ነበር። አሁን ጥላ የለም፣ ሱቅም የለም፤ ኮፍያና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ጀልባው ከበሩ ሥር አይቆምም፤ ሞገዱ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ቀዛፊው እጃችሁን ይዞ ደረጃው ላይ ያሻግራችኋል። ደረጃው አረንጓዴ ሽበት ስላለው ያንሸራትታል። ጫማችሁ ሶሉ የሚይዝ ይሁን።

ከምሽጉ ስትመለሱ ወደ ሙሩድ ለመሄድ አትቸኩሉ። ከራጃፑሪ አለፍ ብሎ ኮክሪ የሚባል ስፍራ አለ፤ ሦስት ጉልላታም መቃብሮች ቆመውበታል። ሲዲ ካይሪያት ካን፣ ሲዲ ያቁት ካንና ሲዲ ሱሩል ካን ያረፉት እዚያ ነው። ምሽጉ በጎብኚ ሲጨናነቅ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ያቁት ካን ማለት በ1689 መርከቦቹን ወደ ሙምባይ ነድቶ፣ ማዛጋኦን የሚባለውን ሰፈር ይዞ፣ እንግሊዞችን በምሽጋቸው ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ያገተ የባሕር አዛዥ ነው። እንግሊዞቹ ከከበባው የወጡት ለሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ለአውራንግዜብ ካሣ ከፍለውና ይቅርታ ጠይቀው ነው። ከእኔ ምክር አንዱን ብቻ የምትከተሉ ከሆነ ይህንን ተከተሉ፤ ምሽጉን የሚያውቅ ሐበሻ አለ፣ መቃብሮቹን ያየ ግን ከስንት አንድ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ከሙምባይ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ከሚባለው ትልቅ ቅስት ሥር ወደ ማንድዋ የሚሻገሩ ጀልባዎች አሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ወደ አሊባግ ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ ብዙውን ጊዜ በዚያው ትኬት ውስጥ ይካተታል፤ ስትገዙ ጠይቁ። ከአሊባግ እስከ ሙሩድ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የክልሉ መንግሥት አውቶቡስም ታክሲም ይገኛል። መንገዱ ባሕሩን ተከትሎ በኮኮናት ዛፎች መካከል ይሄዳል። በመንገዱ ኮርላይ በሚባለው መንደር ከፖርቱጋል ዘመን የቀረ ምሽግ በኮረብታ ላይ ይታያል፤ የመንደሩ ክርስቲያኖች ዛሬም ከፖርቱጋልኛ የወጣ የራሳቸውን ቋንቋ ይናገራሉ። ወደ ሙሩድ ልትገቡ ስትሉ ደግሞ ባሕሩን ቁልቁል የሚያየው የጃንጂራ ናዋቦች (ገዥዎች) ቤተ መንግሥት አለ። የግል ንብረት ስለሆነ አይገባበትም፤ ከመንገዱ ላይ ተመልከቱት። ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ያደክማል። ሙሩድ አንድ ሌሊት እደሩና ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ ምሽጉ ተሻገሩ።

ነገር ግን እህቴ፣ አንቺና ወንድምሽ በአንድ ጊዜ አትሂዱ። ይህን ደጋግሜ ለሁሉም እናገራለሁ። ሐኪም ቤቱ ፊርማ ሲፈልግ፣ ድንገት መድኃኒት ይገዛ ሲል፣ ከሁሉም በላይ እናታችሁ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው ስትፈልግ አንዳችሁ ከአልጋዋ አጠገብ መገኘት አለባችሁ። በየተራ ሂዱ። ተረኛው ሩቅ መሄድ ካልፈለገ የግማሽ ቀኑ ኤለፋንታ ይበቃዋል። ከዚያው ከጌትዌይ በጀልባ አንድ ሰዓት የሚርቅ ደሴት ነው፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከዐለት የተፈለፈለ ሺቫ የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ ቤተ መቅደስ አለው። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ላሊበላ ዐለቱ ዙሪያውን ተቆርጦ ሕንጻው ራሱን ችሎ ሲወጣ፣ እዚህ ጠራቢዎቹ ወደ ተራራው ሆድ ነው የገቡት። በውስጥ ያለው ባለ ሦስት ፊት ሐውልት 6 ሜትር ያህል ይሆናል። ሰኞ ዝግ ነው፤ የውጭ አገር ሰው መግቢያ 600 ሩፒ ነው።

ጀልባችሁን ስትጠብቁ ወደቡን ልብ ብላችሁ እዩት። ቅስቱ በ1924 የተጠናቀቀ ነው፤ ወደቡ ግን ከዚያ በፊት የእኛን ታሪክ ነክቷል። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው፣ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ዙላ የወረደው ጦር ዋናው መነሻው ይኸው የቦምቤይ (የዛሬው ሙምባይ) ወደብ ነበር። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ ከህንድ በመርከብ ተጭነው ነው የሄዱት። መቅደላ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ለእናታችሁ የሚሆነው ማሪን ድራይቭ ነው። ሐኪሟ መውጣት ትችላለች ሲል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በታክሲ ውሰዷት። ባሕሩን ተከትሎ የተጠማዘዘ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ይሄድበታል። በኮንክሪቱ መከታ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ተደርድሮ ይቀመጣል። ነፋሱ ስለሚበረታ ጋቢዋን አትርሱ።

ለሦስታችሁም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ ካርዱን ካልያዘ አየር ማረፊያ ላይ ለይተው ያቆዩታል፤ የታማሚ ቀጠሮ ደግሞ ይህን አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ በጎንደር የታሪክ መምህር ነኝ። በየካቲት ለሥልጠና ወደ ጎዋ እሄዳለሁ። ሁሉም ሰው ስለ ጎዋ የሚነግረኝ አሸዋውንና ጭፈራውን ነው። ለአንድ የታሪክ መምህር የሚሆን ነገር የለም?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ለእርስዎ ከጎዋ የተሻለ የባሕር ዳርቻ በህንድ ያለ አይመስለኝም። የሚያስተምሩት የአሥራ ስድስተኛውና የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ታሪካችን ግማሹ በዚያ በኩል ያለፈ ነው።

ከዋና ከተማዋ ከፓናጂ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ በማንዶቪ ወንዝ ዳር፣ አሮጌው ጎዋ ይገኛል። የፖርቱጋሎች የእስያ ግዛት መናገሻ የነበረው ይህ ነው። የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ወደ ፖርቱጋል ሲጓዝ በ1512 ያለፈው በዚህ ነው። በ1541 ደግሞ የህንድ ገዥ የነበረው ኤስቴቫኦ ዳ ጋማ መርከቦቹን ይዞ ከዚሁ ተነሥቶ ቀይ ባሕር ገባ። ወንድሙን ክሪስቶቫኦን ከ400 ወታደሮች ጋር ምጽዋ አወረደው፤ በአህመድ ግራኝ ዘመን ለአፄ ገላውዴዎስ የመጣው እርዳታ ይህ ነው። ክሪስቶቫኦ በሚቀጥለው ዓመት ተማርኮ ተገደለ። እርስዎ ይህን ሁሉ ለተማሪዎችዎ ከሰሌዳ ላይ አስተምረውታል። ወንዙ ዳር ቆመው፣ መርከቦቹ የወጡበትን የውሃ መንገድ ወደ ባሕሩ በዓይንዎ ሲከተሉት ግን የርቀቱ ድፍረት ይገባዎታል።

ከወንዙ ወደ ከተማው በሚያስገባው መንገድ ላይ የአገረ ገዥዎቹ ቅስት አለ። ያሠራው ፍራንሲስኮ ዳ ጋማ ነው፤ የመርከበኛው የቫስኮ ዳ ጋማ የልጅ ልጅ ልጅ። የቫስኮ ምስል ከላዩ ቆሟል። ክሪስቶቫኦም የቫስኮ ልጅ መሆኑን ካስታወሱ፣ አንድ ቤተሰብ ከጎዋ እስከ ትግራይ ድረስ ምን ያህል እንደተዘረጋ ያያሉ።

ከዚያ ወደ ቦም ጄሱስ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። በ1605 የተጠናቀቀ ነው፤ ግድግዳው የአገሩ ቀይ ድንጋይ ሳይለሰን እንደወጣ ይታያል። የኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚስዮናዊው) የፍራንሲስኮስ ዛቪየር አስከሬን ያረፈው በዚህ ነው። እኔ ግን እዚያ ስቆም የማስበው ወደ እኛ የተላኩትን ኢየሱሳውያን ነው። ፔድሮ ፓኤዝ ከጎዋ ተነሥቶ በ1603 ምጽዋ ገባ፤ ከሱስንዮስ ጋር ያደረገውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ፓትርያርክ ተብሎ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ፣ ፋሲለደስ ካባረረው በኋላ፣ ወደዚሁ ጎዋ ተመልሶ እስኪሞት ድረስ ኖረ። ጎንደርን የመሠረተው ንጉሥ ያባረረው ሰው መጨረሻውን ያየባት ከተማ ናትና፣ ለጎንደር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት በ1986 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ረጅም ሱሪ ለብሰው ይሂዱ፤ በአጭር ሱሪ የመጣ ሰው በር ላይ ይመለሳል። የማንዶቪ ወንዝ ባሕሩን የሚቀላቀልበትን ለማየት ጊዜ ካገኙ አመሻሹ ላይ ወደ አጉዋዳ ምሽግ ይውጡ። በ1612 የተሠራ ነው፤ ከላይ ሆነው የወንዙን አፍና ሰፊውን አሸዋ በአንድ ላይ ያያሉ። ስለ ጭፈራው የነገሩዎት ሰዎች አልዋሹም፤ እሱ በሰሜኑ ዳርቻ ያለ ነው፣ አሮጌው ጎዋ አመሻሽ ላይ ጸጥ ይላል።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ ጾም መካከል ለሥራ ወደ ሙምባይና ወደ አሊባግ እሄዳለሁ። ህንድ የአትክልት አገር ነው ስለሚሉኝ ችግር የለብኝም መሰለኝ። ልክ ነኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ምግብ ቤት ገብተው «ቬጅ» ሲሉ ሥጋና ዓሣ የሌለበት ይመጣልዎታል እንጂ የጾም አይመጣልዎትም። ምስሩ በቅቤ ይቁላላል፣ ቂጣው በቅቤ ይቀባል፣ ሻዩ በወተት ይፈላል፣ ወጡ እርጎ ይገባበታል። እያንዳንዱን ስሙን ጠርተው ይከልክሉ፦ «ዱድ ናሂን፣ ጊ ናሂን፣ መክን ናሂን፣ ዳሂ ናሂን»፤ ወተት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ለጋ ቅቤ፣ እርጎ የለም ማለት ነው። ከዚያ «ቴል» ይበሉ፤ በዘይት ይሥሩልዎታል። ጄይን የሚባሉት አማኞች የራሳቸው ጥብቅ የምግብ ሥርዓት ስላላቸው አስተናጋጆቹ ለሃይማኖት ሲባል ምግብ መለየቱን ይረዳሉ፤ አያፍሩ።

በአሊባግ በኩል ለጾመኛ የሚመች ምግብ ሞልቷል። ባክሪ የሚባል ከሩዝ ዱቄት የሚጋገር ቂጣ አለ። ኡሳል ከበቀለ እህል የሚሠራ ቅመማ ቅመም የበዛበት ወጥ ነው፤ በርበሬ ለለመደ ምላስ ይስማማል። ሶልካዲ የሚባለው ሮዝ መልክ ያለው መጠጥ ወተት ይመስላል፤ ግን ኮካም ከሚባል ጎምዛዛ ፍሬና ከኮኮናት ወተት ስለሚዘጋጅ ለጾም ይሆናል። በሙቀት ቀን ከእሱ የሚበልጥ የለም። የዓሣውን ጉዳይ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ እኔ በዚህ ገጽ አልፈርድም።

ጥያቄ፦ በፑኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሰኔ ፈተና ስንጨርስ ስድስት ጓደኛሞች ወደ ካሺድ የባሕር ዳርቻ ሄደን ለመዋኘትና ጃንጂራንም ለማየት አስበናል። አንዳንዶቻችን ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዋኝተናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሰኔ አትሂዱ። ይህን በለዘበ ቃል ልነግርህ አልችልም።

የዚያ ዳርቻ ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር አንድ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። ዝናቡን የሚያመጣው ነፋስ ከባሕሩ ወደ ምድር ስለሚነፍስ ማዕበሉ በቀጥታ ዳርቻውን ይመታዋል። ወደ ጃንጂራ የሚሻገሩት ጀልባዎች በዚህ ጊዜ ይቆማሉ፤ ከጌትዌይ ወደ ማንድዋ የሚሄዱትም እንዲሁ። ስለዚህ ሄዳችሁ ምሽጉን ከሩቅ ከማየት በቀር የምታተርፉት የለም። የምታጡት ግን ሊኖር ይችላል፤ ካሺድ ወጣቶች ደጋግመው ሰጥመው የሞቱበት ዳርቻ ነው። አብዛኞቹ እንደ እናንተ ከሙምባይና ከፑኔ በቡድን የመጡ ተማሪዎች ናቸው። የልጅ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ወረቀት ሲሞላ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ሐይቅ ላይ የተማራችሁት ዋና ለባሕር አይበቃም። ካሺድ ነጭ አሸዋ፣ ከኋላው የሸውሸዌ ዛፎች ጥላ ያለው፣ እጅግ የሚያምር ስፍራ ነው፤ ውበቱ ያዘናጋል። ዳርቻውን የመታው ውሃ የሆነ ቦታ ላይ ተሰብስቦ በኃይል ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ያ ቦታ ሞገድ የማይሰበርበት፣ የተረጋጋ ስለሚመስል ዋናተኛው እሱን መርጦ ይገባበታል። ከያዘህ ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት አትታገል፤ ጉልበትህን ጨርሶ ያሰጥምሃል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝ፤ ጅረቱ ጠባብ ነው፣ ከእሱ ስትወጣ ሞገዱ ራሱ ይመልስሃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጉልበት በላይ አለመግባት ነው። በጨለማና ጠጥቶ መግባትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ጉዟችሁን ወደ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ አዛውሩት። ያኔ ባሕሩ ይረጋል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። ከፑኔ በታምሂኒ ተራራ መንገድ ትወርዳላችሁ። ጊዜ ካላችሁ አሊባግ ላይ ኮላባ ምሽግን እዩ። ባሕሩ ሲጎድል በእግር ይደረስበታል፤ ሲሞላ ደግሞ ዙሪያውን ውሃ ይከበዋል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ትናንት የሄደ ጓደኛህ የነገረህ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። የዕለቱን ሰዓት ዳርቻው ላይ ከሚሠሩት ሰዎች ጠይቅ፤ ተመለሱ ሲሉህም «አንድ ፎቶ ብቻ» አትበል።

ማደሪያን በተመለከተ፣ በሙሩድም በካሺድም ያሉ ትናንሽ የእንግዳ ቤቶች ሁሉም የውጭ አገር ሰው የሚቀበሉ አይደሉም። ሆቴሉ የውጭ ዜጋ ሲያሳድር «ሲ ፎርም» የሚባለውን ለፖሊስ የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ለዚህ ያልተመዘገቡት ማታ በር ላይ ይመልሷችኋል። በቆዳችሁ ቀለም የተነሣ እንዳይመስላችሁ፤ አንዳንዴ ያም አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ ወረቀት ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውሉና የውጭ ዜጋ እንደሆናችሁ፣ ስድስት እንደሆናችሁ፣ ሲ ፎርም ይሞሉ እንደሆነ ጠይቁ። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የተማሪ የመኖሪያ ፈቃዱን ዋናውንም ቅጂውንም ያዙ፤ ስድስታችሁም።